ለአዳራሽ ስፖርት የሚሆን ሌንስ፦ ካኖን 85 ሚሜ ኤፍ/1.8 በጅማ

በጅማ የመረብ ኳስና የቅርጫት ኳስ ውድድሮችን በአዳራሽ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ችግር የብርሃን ማነስ ነው። ዝናቡ ሲከብድ በመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ገና ከቀትር በኋላ ይደክማል፤ ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶችም ብዙ ጊዜ ሁሉም አይበሩም። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምደው አዳራሹ በቂ ብርሃን ያለው ይመስለናል፤ ካሜራው ግን ያለውን ብርሃን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሜ ሌንስ (የሚሜው ቁጥር ሲበዛ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል) ወደ 55 ሲሳብ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ከኤፍ/5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በእንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 ላይ አድርጌ በዚህ ሌንስ ስለካ የሸተር ፍጥነቱ፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/80 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል፤ በዚህ ፍጥነት ስማሽ ሊመታ የዘለለ ተጫዋች ክንዱም ኳሱም ጭረት ሆነው ይቀራሉ። ለመረብ ኳስ ቢያንስ 1/500፣ ቢቻል 1/800 ያስፈልጋል። ኤፍ/1.8 ከኤፍ/5.6 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ በዚያው አዳራሽና በዚያው አይኤስኦ 1/80 የነበረው 1/800 ይሆናል። 85 ሚሜ ኤፍ/1.8 ሌንስን ለአዳራሽ ስፖርት የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እዚህ ከተማ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ፣ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ዙም ሌንስ ቢገዙ ይሻል እንደሆነ ነው። ያ መከላከያ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ተጫዋች አይደለም፤ ስለዚህ ለስፖርት የሸተር ፍጥነትን አይተካም። ፍላሽም ቢሆን ወደ ላይ የሚያይ ተጫዋች ዓይን ላይ ስለሚያበራ ዳኛም አሠልጣኝም ቢከለክሉት እውነት አላቸው።

ካኖን ኢኤፍ 85 ሚሜ ኤፍ/1.8 ዩኤስኤም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ፣ 425 ግራም የሚመዝን ሌንስ ነው። ዕድሜው ሊያስጠረጥር ይችላል፤ ነገር ግን የፎከስ ሞተሩ ፈጣንና ድምፅ አልባ ስለሆነ፣ ከመረቡ አጠገብ ወደ ኋላ መስመር የምትሸሸውን ተጫዋች ሳይዘገይ ይከተላል። በዋጋ የሚረክሰው 50 ሚሜ ኤፍ/1.8 ያንኑ ያህል ብርሃን ቢያስገባም ፎከሱ ዘገም ይላል፣ ደግሞም ለአብዛኛው የሜዳው ክፍል ያጥራል። 70-200 ሚሜ ኤፍ/2.8 በበኩሉ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሲሆን፣ የሚያስገባው ብርሃን ከኤፍ/1.8 ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሥራው ይህ ብቻ ለሆነና ደህና መብራት ባለበት ለሚሠራ ሰው ይገባል፤ በእኛ አዳራሾች ግን ያ ልዩነት በጣም ይሰማል።

85 ሚሜው ዙም ስለሌለው የቆሙበት ቦታ ወሳኝ ነው። ብዙዎቻችን በምንይዛቸው ባለ 1.6 ክሮፕ ካሜራዎች (ምስል የሚቀበለው ሴንሰራቸው አነስ ስለሚል የሚታየውን ስፋት የሚያጠቡ) ላይ እንደ 136 ሚሜ ስለሚያጠብ፣ ለመረብ ኳስ ከኋላው መስመር ሦስት ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ካሜራውን በቁመቱ አቁሞ መያዝ ጥሩ ነው። ከዚያ እስከ መረቡ 12 ሜትር ይሆናል፤ ምስሉም ከላይ እስከ ታች ሦስት ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ በወንዶች 2.43 ሜትር ከፍታ ያለው መረብና ከላዩ የተነሣው የተጋጣሚ አጥቂ እጅ አብረው ይገባሉ። የፎከስ ነጥቡን ከመረቡ የላይኛው ጠርዝ ከፍ አድርጎ አጥቂው ፊት ላይ ማኖር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ካሜራው የመረቡን ክር ይይዝና ፊቱ ይደበዝዛል። ግድግዳው ለመስመሩ በጣም በቀረበባቸው አዳራሾች ከማዕዘን አሻግሮ ማንሳት ይሻላል። ከቅርጫት ሥር ለሚቆም ሰው ግን ይህ ሌንስ አይሆንም፤ እዚያ ፊት ብቻ እንጂ ጨዋታ አይገባም፣ 50 ወይም 35 ሚሜ ይዞ መሄድ ይገባዋል።

ጉድለቶችም አሉት። አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በስምንት ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ተከላካዮች አንዱ ከአንዱ ትንሽ ወደ ኋላ ቢቀር አንዱ ይደበዝዛል። ነጭ ማሊያ ከጨለማ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ መስመር ይወጣል፤ ኤፍ/2.2 ላይ ይቀንሳል፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) የተነሳ ከሆነም በኋላ ማረም ይቻላል። የአዳራሹ መብራት ፍሎረሰንት ከሆነ በተከታታይ በተነሱ ፎቶዎች መካከል ብርሃኑና ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ይህ የሌንሱ ጥፋት ሳይሆን መብራቱ በሰከንድ መቶ ጊዜ ስለሚርገበገብ የሚመጣ ነው። መፍትሔው ያለው እንደ 7ዲ ማርክ 2 እና 80ዲ ባሉ፣ መርገብገቡን ለይተው በሚያነሱ ካሜራዎች ነው።

አብዛኛው ሰው ያገለገለ ሌንስ ከአዲስ አበባ ስለሚያስመጣ፣ ከመክፈሉ በፊት ሁለቱን ክዳኖች አውልቆ የስልክ መብራት ከኋላ እያበራ ከፊት በኩል ይመልከት። አቧራ ቢኖር አያሳስብም፤ ከጠርዙ ወደ መሃል የሚዘረጋ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነጭ ክር ግን ሻጋታ ነውና እንዲህ ያለውን ሌንስ በርካሽም ቢሆን አልመክርም። የጅማ አየር እርጥበት ስለሚበዛበት ሻጋታው ፈጥኖ ይስፋፋል። ንጹሕ ሌንስም ቢሆን በጨርቅ ወይም በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ለወራት መዘጋት የለበትም። በደንብ በሚገጠም የላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጥቂት ጨምሮ ማስቀመጥና ከረጢቶቹን በየጊዜው በአዲስ መተካት ይበቃል።