«የዓመት ኔትፍሊክስ፣ ሙሉ ዋራንቲ» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው። ያልተገባ ቃል ካመለጠኝ ይቅርታ።

በኢንተርኔት ፊልም የሚታይበትን የኔትፍሊክስ አካውንት የሸጠልኝን የቴሌግራም ቻናል ስም አልጠራም። ብጠራውም ነገ ቀይሮት ይነሳል። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ቀይ ፊደል ያለበት የፕሮፋይል ፎቶ፣ በየቀኑ የሚለጠፍ የቴሌብር ደረሰኝ፣ ከስሩ «ታማኝ ናቸው፣ ሞክሬያቸዋለሁ» የሚል ኮሜንት። ከዚያ ያው የተለመደው ነው። «ወንድሜ ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ላክና ስክሪንሾቱን ወዲህ በል።» ትልካለህ። ኢሜይልና ፓስወርድ ይመጣልሃል።

«ማን ሂድ አለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ የት ልሂድ? ኔትፍሊክስ እኛ አገር ከገባ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ከ130 በላይ አገሮች በአንድ ቀን ሲከፈት እኛም ነበርንበት። በሩ ክፍት ነው፣ መክፈያው ነው የሌለው። የብር ካርዴን ቁጥር ሳስገባ አይቀበለኝም። ሌላው የፊልም አገልግሎት ዲዝኒ ፕላስ ደግሞ በ2022 ደቡብ አፍሪካና ግብፅ ሲገባ እኛን ዘሎን አለፈ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ፓስወርዷን ሰጥታኝ ነበር። በ2023 ኔትፍሊክስ ከአንድ ቤት ውጭ መጋራት ክልክል ነው ሲል እሱም ቀረ። በፍላሽ ማስጫን አለ፤ ግን ከሲኒማ ቤት በካሜራ ተቀድቶ፣ ከፊት ሰው ተነስቶ ሽንት ቤት ሲሄድ ጭምር የሚያሳይ ፊልም ሰለቸኝ። መክፈል የሚፈልግ ሰው መክፈያ ሲያጣ እንዲህ ዓይነቶቹ እጅ ላይ ይወድቃል።

ስገባ አራት ፕሮፋይል አገኘሁ። ስሞቹ የፈረንጅ ናቸው፣ አንዱ የሕፃን ልጅ ነው፣ የካርቱን ፊት አለበት። «ይሄ የማን ነው?» አልኩት አድሚኑን። «የካምፓኒ አካውንት ነው፣ ሃሳብ አይግባህ» አለኝ። ካርቱን የሚያይ ካምፓኒ!

እና ቅዳሜ ማታ ነው። ባለቤቴ ፈንዲሻ አዘጋጅታለች፣ ስናየው የከረምነው ድራማ የመጨረሻው ክፍል ቀርቶናል። ፓስወርዱ ትክክል አይደለም አለን። አካውንቱ ዘግቶብኛል ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው አየው። መልስ የለም። «ዋራንቲ አለው ብለኸኝ ነበር» ብዬ ደገምኩ። አሁን መለሰ።

«ዋራንቲው ለቪአይፒ ነው። 500 ጨምርና ልቀይርልህ።»

ስከፍል ቪአይፒ የሚባል ነገር አልተነሳም። ወደ ላይ ሄጄ «አንድ ዓመት ሙሉ ዋራንቲ» ያለበትን የራሱን ቃል ፈልጌ መልሼ ላክሁለት። በድምፅ መለሰ። እየሳቀ ነው፤ ከጀርባው ሌሎችም ሲስቁ ይሰማል። «አባቴ፣ በ1,500 ብር ሆሊውድን ልትገዛ ነበር እንዴ? ሂድና ፖሊስ ጣቢያ ክሰሰኛ! የሌባ አካውንት ገዝቼ ተወሰደብኝ በላቸው!»

መልስ እየጻፍኩ ሳለ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ እኔ ይህን የማውቀው በወሬ ነበር። ኢሜይሉ፣ የላክሁት ደረሰኝ፣ «ወንድሜ ሃሳብ አይግባህ» ያለው፣ ሳቁ ጭምር፣ ሁሉም ሄደ። ፎቶውም ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው ይላል፤ አሁን ሲስቅብኝ የነበረ ሰውዬ! ባለቤቴ «ምን አለህ?» ስትለኝ የማሳያት አንድ መስመር አልነበረኝም።

የቀረኝ ከ127 የመጣው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። የአንዲት ሴት ስምና መሐሉ በኮከብ የተሸፈነ ስልክ ቁጥር። የሰማሁት ድምፅ የወንድ ነው። ሲሙ የማን እንደሆነ እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ያ ፖሊስ ጣቢያ ያለው ነገር ነው። አስቦበት ነዋ የሚያወራው። የማይሠራ ቻርጀር ቢሸጥልኝ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሰው እስኪሰበሰብ እጮህ ነበር። በዚህ ግን ማን ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? አካውንቱ የተጠለፈ ነው። እውነተኛው ባለቤት አንድ ቀን ነቅቶ ፓስወርዱን ሲቀይር እኛ ገዢዎቹ ሁላችንም በአንዴ እንወጣለን። ሻጩ ይህን ገና ሲሸጥልን ያውቃል። አፋችንን ይዘን እንደምንቀመጥም ያውቃል።

በማግስቱ በእህቴ ስልክ ቻናሉን ከፈትኩት። የእኔ ደረሰኝ «የዛሬ ደንበኛችን፣ እናመሰግናለን» ተብሎ ተለጥፏል። ስሜን እንኳን በደንብ አልሸፈኑትም። ከስሩ አንዱ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋል። ልጽፍለት ስል ኮሜንት መስጠት የሚችሉት እነሱ የፈቀዱለት ብቻ ናቸው።

ምክር ካላችሁኝ፦ የዓመት አትክፈሉ። ያልተሸፈነ የክፍያ ስክሪንሾት ለማንም አትላኩ፣ ቻቱን ግን ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱት። «ለማደስ» ብለው በስልካችሁ የመጣ ኮድ ከጠየቋችሁ ደግሞ እንዳትሰጡ፤ ያን ጊዜ የሚሄደው ቴሌግራማችሁ ነው።