ስሙን ለማልጽፈው ሰው

መጠጥ ካቆምኩ ዛሬ 14 ወር ሞላኝ። ማመስገን የምፈልገው አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ግን አልጽፍም። የተዋወቅነው በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው። ማን መጣ፣ ማን ምን አለ የሚባለው ነገር ከስብሰባው በር አይወጣም። ደሞዝተኛ እንዳይመስላችሁ። እንደኔው ጠጥቶ እንደኔው ያቆመ ሰው ነው። ስልክ ያነሳል፣ ወንበር ይደረድራል፣ በር ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል።

ስብሰባ ማግኘት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የሄድኩት ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን አድራሻ ይዤ ነበር። ስደርስ በሩ ተቆልፏል፣ መብራትም የለም። ቡድኑ ቀኑንም ቦታውንም ከቀየረ ቆይቷል፣ ዝርዝሩን ግን ማንም አላስተካከለውም። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። "ሞክሬ ነበር እኮ" የምልበት ሰበብ አገኘሁ። ያን ዕለት ማታ ጉድ እስኪባል ጠጣሁ።

ከሳምንታት በኋላ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ የእርዳታ ስልክ ላይ ደወልኩ። ያነሳው እሱ ነው። ስሜን አልጠየቀኝም።

"ሳትጠጣ ስትውል እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል?"

"አዎ፣ ሁለቱም።"

"እንግዲያው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ። ስብሰባው የትም አይሄድብህም።"

እኔ ደግሞ ቆርጬ በአንድ ቀን ላቆም ነበር። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው እንደዚያ ሲያደርግ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ። እነዚያን ቀናት በክትትል አለፍኳቸው።

ከዚያ መልሼ ደወልኩለት። ክፍት በሚባለው ስብሰባ ላይ ማንም ገብቶ መቀመጥ እንደሚችል፣ ዝግ የሚባለው ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የስልክ መተግበሪያ በአካባቢህ ያለውን ያሳይሃል፣ ቢሆንም ከመሄድህ በፊት ደውለህ አረጋግጥ አለኝ። (የተቆለፈውን በር ነግሬው ነበር፤ ሳቀ።) ከቤት መውጣት ላቃተው በኢንተርኔት የሚደረጉም አሉ።

በሩ ላይ ስደርስ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ወደ መጨረሻው ረድፍ ወሰደኝና ጥግ ላይ ያለችውን ወንበር አሳየኝ። "ይቺ የመውጫ ወንበር ናት" አለኝ። "መሄድ ካሰኘህ ማንንም ሳታስነሳ ትወጣለህ።" መውጣት እንደምችል ሳውቅ መቀመጥ ቻልኩ።

ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። መጠጥ የማቆም ፍላጎት ካለህ ይበቃል። ለኪራይና ለመሳሰለው መዋጮ ሲሰበሰብ ደግሞ "አንተ አዲስ ነህ፣ ተወው" ተባልኩ። ተራ ሲደርሰኝ "ዛሬ ማዳመጥ እፈልጋለሁ" አልኩ፣ ወደ ቀጣዩ አለፉ። ያስቸገረኝ ከራስ በላይ ስላለ ኃይል የሚነገረው ነበር። ለእሱ ነገርኩት። "ለጊዜው እሱን ተወው፣ ወንበርህ ላይ ብቻ ተቀመጥ" አለኝ። ይሄ ጨርሶ ለማይዋጥለት ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። የጠጪው ቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል የራሱ ስብሰባ አለው። ሁሉም ቡድን አንድ አይደለም። አንዱ ጋ ሰውየው ሲሰብክብኝ አመሸ፤ አልተመለስኩም፣ ሌላ ፈለግኩ።

ያቺን ሌሊት ግን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

"ጠርሙሱ የት ነው?"

"ጠረጴዛ ላይ።"

"ተከፍቷል?"

"አልተከፈተም።"

"ጫማህን አድርግና ውጣ። እየሄድክ እናወራለን።"

40 ደቂቃ ሄድኩ። ስለ መጠጥ ብዙም አላወራንም። እሱ ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ፣ የጨዋታችን ግማሽ እሱ ነበር። ስመለስ ስልኩን ሳልዘጋ ጠርሙሱን ከፍቼ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ሲፈስ ድምፁን ሰማ። "በል ተኛ" ብሎ ዘጋው።

በኋላ ነው የነገሩን አጀማመር የሰማሁት። በፈረንጆቹ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል መጠጥ ካቆመ ወራት ብቻ የሆነው ሰው ለሥራ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ሥራው ይከሽፍበታል። ካረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤት የሚመጣው ጫጫታ ሲስበው ወደ ስልኩ ይሄዳል። ሌላ ጠጪ ሲያፈላልግ ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ተገናኘ፣ ማኅበሩም ከእነሱ ተጀመረ። ይሄን ስሰማ የራሴ ስልክ ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው ነው፦ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደወልበት ስልክ አለ። ደውሉ። የሚያነሳው የኔው ሰውዬ ላይሆን ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ እሱም የጠጣ ሰው ነው፣ ማፈር አያስፈልግም።

ይሄን ልጽፍ መሆኑን ስነግረው ፊቱን አኮሳተረ። "ማመስገን ከፈለግህ ማክሰኞ ቀደም ብለህ ናና ወንበር ደርድር" አለኝ። ነገ ማክሰኞ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።