ጎንደር ላይ በቤት ማህበር ለመመዝገብ ያሰባችሁ ባለትዳሮች፣ እኛ ያየነው ይሄ ነው

እኔና ባለቤቴ በመኖሪያ ቤት ህብረት ስራ ማህበር ለመደራጀት አመልክተን በመጨረሻ ፋይላችን ተቀባይነት አግኝቷል፣ አሁን የቦታ እጣ እየጠበቅን ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እንዴት አድርጋችሁ ነው?" ስለሚለኝ አገልግሎቱን እንዳየሁት ልጻፈው ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

ኮንዶሚኒየም ለምን አልሞከራችሁም የሚሉን አሉ። ያ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ በ2005 የተካሄደው ትልቁ ምዝገባ እኮ የአዲስ አበባ ነው። 20/80 ላይ አንተ 20 በመቶውን ትቆጥባለህ፣ 80ውን ባንክ ያበድርሃል፣ ቤቱም ተሰርቶ አልቆ ነው የሚሰጥህ። በማህበር ግን እንደዛ አይደለም፣ መንግስት የሚያግዝህ በመሬቱ ነው፣ ያለ ጨረታ በምደባ ታገኛለህ፣ ግንባታው የራስህ ነው። ሊዝ ጨረታ ላይ ከነጋዴ ጋር ዋጋ መፎካከር ለማይችል ደሞዝተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ስርአቱን ከልቤ እደግፈዋለሁ። የቀበሌ ቤት ደግሞ ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ የገባበት ሰው አይለቀውም፣ እንደኛ አዲስ ለተጋባ ተስፋ የሚደረግበት አይደለም። እኛ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው፣ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት አመት እንዳያንስ ይላል፣ እኛ ግን ስለ ውል ባነሳን ቁጥር የሚሰጠን መልስ "ካልተመቻችሁ ልቀቁ" ነው። ስለዚህ ምርጫ አልነበረንም።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ትልቁ ችግር የሚያስፈልገው ሰነድ ዝርዝር አንድ ቦታ ተለጥፎ አለመገኘቱ ነው። አንዱን ወረቀት ይዘህ ስትሄድ "ይሄስ የታለ?" ትባላለህ፣ እሱን ይዘህ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ይጠየቃል፣ በመሀል ሲስተም የለም፣ መብራት ጠፋ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ በቃ ነገ ተመለሱ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ክፍለ ጊዜ እያቀያየረ ነው የሚመጣው፣ እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሰራ ፈረቃ ለምኜ ነው የምወጣው። ሁለታችንም በአካል መገኘት ካለብን ይሄን የሚነግረን ሰው መጀመሪያውኑ ቢኖር ምን ነበረበት?

ባለትዳሮችን በተለይ የሚያጉላላው የጋብቻ ጉዳይ ነው። እኛ በቤተክርስቲያን ነው የተጋባነው፣ ማህተም ያለበት ወረቀት አለን፣ ፎቶውም ሽማግሌዎቹም አሉ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "እህቴ ይሄ እዚህ አያገለግልም፣ የወሳኝ ኩነት ሰርተፊኬት ነው የምንቀበለው" አለኝ። ህጉ ትክክል ነው፣ በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻ መመዝገብ አለበት። ግን ለማስመዝገብ ከሁለታችንም በኩል ምስክር ያስፈልጋል፣ የባለቤቴ ሚዜ ያለው መተማ ነው፣ እሱ እስኪመጣ ሌላው ወረቀታችን ጊዜው አለፈ። የትኛው ወረቀት? "ቤት የላቸውም" የሚለው ማስረጃ። ባልና ሚስት እንደ አንድ ስለሚታዩ የሁለታችንም ስም ነው የሚጣራው፣ ባለቤቴ የደብረ ታቦር ልጅ ስለሆነ ከዛም ጭምር አምጡ ተባልን፣ መንገዱ ደግሞ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ያን ያህል ተለፍቶበት የመጣ ወረቀት ሌላ ሰነድ ሲጠበቅ ቀኑ ያልፍበትና እንደገና ይጻፍልን ብለህ ትለምናለህ። ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ። የማስረጃው ቀን መቆጠር ያለበት ፋይሉ ከተከፈተበት ጀምሮ ነበር።

ደግ ሰውም አለ፣ እሱንም መናገር አለብኝ። መዝገብ ቤት ያሉ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፣ ፋይሎቹ በገመድ ታስረው እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ነው የሚውሉት። የባለቤቴ የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በ"ሀ" በሌላው በ"ኃ" ተጽፎ ሌላ ቢሮ "የተለያየ ሰው ነው" ብሎ መልሶን ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው በጣታቸው ፊደል በፊደል ተከተሉና "ነይ ልጄ፣ ይሄማ አንድ ሰው ነው" ብለው እዛው ማስታወሻ ጽፈው ፈረሙልን። ቡና እንጋብዝዎ ስንላቸው "ቤታችሁን ስትመርቁ ትጠሩኛላችሁ" አሉን። እግዜር ይስጥልን።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ከማንም በላይ ጠቅሞናል። ልጁ የማመልከቻውም የቃለ ጉባኤውም የመተዳደሪያ ደንቡም ፎርማት ኮምፒውተሩ ላይ አለው፣ የጎደለውንም ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፣ ዋጋው እንደማንኛውም ቤት ነው፣ በቴሌብርም ይቀበላል። የመንግስት ስራ እሱ እየሰራ መሆኑ ግን ልክ አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በማህበሩ ስም ዝግ ሂሳብ ተከፍቶ እዛ ነው የሚገባው፣ ከቢሮው ደብዳቤ ውጪ አይወጣም። ይሄ አስተማማኝ ነው፣ ገንዘብ ያዡም ሊነካው አይችልም። እኛ የእቁብ እጣችን ደርሶ ነው የሞላነው። በር ላይ "የሰው ስም ገዝቼ ላስገባችሁ" የሚሉ ደላሎች አሉ፣ አትስሟቸው፣ ነገ ስሙ ሲጣራ ብሩም ቦታውም ይቀራል።

ለስርአቱ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ ለመስተንግዶው 2፣ ያውም በመዝገብ ቤቷ እናት ምክንያት ነው። የምትሄዱ ካላችሁ መጀመሪያ ጋብቻችሁን ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፣ ስማችሁ መታወቂያው ላይም ሰርተፊኬቱ ላይም አንድ አይነት መጻፉን እዩ፣ ቤት የለንም የሚለውን ማስረጃ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ሲያልቅ ብቻ አውጡ፣ ኦሪጅናሉን ደግሞ አሳይታችሁ መልሳችሁ ተቀበሉ እንጂ ለማንም ትታችሁ አትውጡ። ጠዋት 2:30 ሳይሞላ ድረሱ፣ ሰኞ ስብሰባ ስለሚበዛ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይሻላል።