ጭላዳና የባሌ ጦጣ፦ አንዱ በሣር፣ ሌላው በቀርከሃ

ሁለቱም የኛ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። ኑሯቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጭላዳ እንደ በግ ሣር ይግጣል። ቀኑን መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። መንጋው አንዳንዴ በመቶዎች ይቆጠራል። ስለዚህ ሜዳውም ገደሉም ያስፈልገዋል። ሜዳው ከታረሰ ገደሉ ብቻውን አያኖረውም። ለጎረቤቱም ይጠቅማል፦ ሰሜን ሸዋ ባለው የደጋ ሣር ምድር፣ መንዝ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎች መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ተሳክቶለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ! ጭላዳው ደግሞ ዝም ይለዋል። ውሻ ቢሆን ኖሮ አገር ይያዝልኝ ብሎ ይሸሽ ነበር።

የባሌ ጦጣ ዓይን አፋር ነው። ቀርከሃ ባለበት ሰፊ ደን ከምግቡ ከሦስት አራተኛ በላይ ቀርከሃ ነው፤ በተለይ ለጋው ቅጠል። ደኑ ሲቆራረጥስ? በሲዳማ በኩል በቀሩት ትናንሽ ደኖች ሌላ ሌላ ዕፅዋት መብላት ለምዷል። ከዛፍ ወርዶ ማሳ ውስጥም ይገባል። ያኔ ከገበሬው ጋር ይጣላል።

ለእኔ የባሌው ጦጣ ይበልጥ ያሳስበኛል። የመንዝ ሰው ጓሳውን ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጭላዳም አብሮ ተርፏል። ቀርከሃ ግን ለአጥርም፣ ለቤትም፣ ለገበያም ይቆረጣል።