በአዳማ ቶነር መሙላት፦ ጠርሙስ ገዝቶ እቤት ወይስ ባለሙያ ጋ ወስዶ?

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውም ሆነ እቤቱ አንድ ፕሪንተር ያስቀመጠ ተማሪ ቀለሙ ባለቀ ቁጥር የሚገጥመው ጥያቄ ይሄ ነው። አዲስ ካርትሪጅ (ቀለሙን የሚይዘው ተነቃይ ሣጥን) ውድ ስለሆነ ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ይሆናል፦ ባለሙያ ጋ ወስዶ ማስሞላት ወይም ቶነር የሚባለውን የቀለም ዱቄት በጠርሙስ ገዝቶ ራስ መሙላት። እዚህ የምንገመግመው ለኤችፒ 12ኤ እና 85ኤ የሚሸጠውን ዱቄትና የአሞላሉን ሥራ ነው። 12ኤ የሌዘርጄት 1010 እና 1020፣ 85ኤ ደግሞ የፒ1102 ነው። የካነን ኤልቢፒ 2900 ካርትሪጅ አሠራሩ ከ12ኤ ጋር፣ የኤልቢፒ 6000 ደግሞ ከ85ኤ ጋር ስለሚመሳሰል ከታች ያለው ለእነሱም ይሠራል።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ የካርትሪጁ ቁጥር በግልጽ የተጻፈበት ባለ 100 ግራም ጠርሙስ ጥሩ ግዢ ነው። «ለሁሉም ፕሪንተር» ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 1 ኪሎ ከረጢት ግን አትግዙ። የኤችፒ እና የካነን ትንንሽ ጥቁር ፕሪንተሮች ዱቄታቸው ብረት ያለበት ነው፤ ውስጥ ያለው ማግኔት ሮለር ዱቄቱን የሚያነሳው በመሳብ ነው። ብራዘርና ሳምሰንግ ላይ የሚገባው ዱቄት በአብዛኛው ማግኔት አይስበውም። እሱ 12ኤ ውስጥ ከገባ ሮለሩ ስለማይዘው ይፈስና የፕሪንተሩን ሆድ ያጠቁራል። ከመሙላታችሁ በፊት ቁንጥር ዱቄት በወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከሥር ማግኔት አንቀሳቅሱ። ዱቄቱ እንደ ጢም ቆሞ ማግኔቱን ከተከተለ ዓይነቱ ትክክል ነው፤ ዝም ካለ መልሱት።

መጠኑ በግምት አይሆንም። 12ኤ 100 ግራም ያህል፣ 85ኤ ከ60 እስከ 70 ግራም ይይዛል። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ጠርሙሱን ከመገልበጥ በፊትና በኋላ መዝኑት። ከልክ በላይ የተሞላ ካርትሪጅ ዱቄቱ ይታመቅና በሮለሩ ጫፎች ይተፋል፤ ማርሹም ይከብደዋል። 85ኤ የሚሞላ ሰው የተረፈውን ከ30 እስከ 40 ግራም ክዳኑን አጥብቆ ለሚቀጥለው ያስቀምጥ። አምራቹ ለ12ኤ 2000 ገጽ፣ ለ85ኤ 1600 ገጽ የሚለው የገጹ 5 በመቶ ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው። በግርድፉ 1 ግራም ከ20 እስከ 25 ገጽ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ኮፒ የሚያደርግ ቤት ከዚህ በጣም ያነሰ ቢያገኝ ተታለልኩ አይበል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቶነር መሙላት ከመጨመር ይልቅ ማጽዳት ነው። ድራሙ (ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) በዞረ ቁጥር ወረቀት ላይ ሳያርፍ የቀረውን ዱቄት አንድ የጎማ ምላጭ ይጠርገውና ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይከታል። ያ ክፍል በራሱ አይጎድልም። ሳይራገፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ ይጠግብና በገጹ ላይ መፍሰስ ይጀምራል። «አስሞልቼ ፕሪንተሬ ተበላሸ» የሚለው አቤቱታ ሥሩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። የተራገፈው ዱቄት የወረቀት ብናኝ ስላለበት መልሶ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

ባለሙያውንም የምንለየው በዚሁ ነው። በጋለ ካውያ ፕላስቲኩን በስቶ፣ በቀዳዳው ዱቄት ጨምሮ፣ በፕላስተር የሚደፍን ሰው በ5 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ቆሻሻው ግን እንዳለ ነው። ወደ ውስጥ የወደቀችው የፕላስቲክ ፍርፋሪም ዶክተር ብሌድ ከሚባለው የዱቄት መጣኝ ምላጭ ሥር ትሰነቀርና ከላይ እስከ ታች ነጭ መስመር ታወጣለች። ካርትሪጁን ለሁለት ከፍሎ የሚሠራ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ተጨማሪ ቢያስከፍልም ይገባዋል።

እቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቬንቲሌተሩን ያጥፋ፣ መስኮቱን ይዝጋ። በአዳማ ንፋስ ይህን መዝለል አይቻልም፤ የዱቄቱ ቅንጣት በአብዛኛው ከ10 ማይክሮን ስለማይበልጥ አንዴ ከተነሳ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል። አፍና አፍንጫን የሚገጥም ኤን95 ማስክ፣ ጓንት፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ። በአየር ላይ የተነሳ የቶነር ብናኝ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ከሰል የተያያዘበት ወይም ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ አይሞላም፤ ቆሻሻውም በፌስታል ታስሮ ይጣላል እንጂ አይቃጠልም። የፈሰሰውን በተራ ቫኪዩም ክሊነር አትሳቡ፤ ብናኙ ማጣሪያውን ያልፋል፣ ሞተሩም ሊያቀጣጥለው ይችላል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። እጅና ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ዱቄቱን ያለሰልስና ያጣብቀዋል።

የ12ኤ ሁለት ግማሾች በጎንና ጎን ባሉ ትናንሽ የብረት ፒኖች የተያያዙ ናቸው። ፒኖቹ ሲወጡ ስፕሪንጎቹ የት እንደነበሩ በስልክ ፎቶ አንሱ። ድራሙን ጫፍና ጫፉን ብቻ ይዛችሁ አውጡና ወዲያው በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ብርሃን ያደክመዋል፣ የጣት አሻራም ገጹ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ቻርጅ ሮለሩን (ድራሙን ኤሌክትሪክ የሚሞላውን ዘንግ) አውጥታችሁ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ የጎማ ምላጩን ፍቱ፣ ቆሻሻውን እስከ መጨረሻው አራግፉ። በሌላው ግማሽ ማግኔት ሮለሩንና ዶክተር ብሌዱን ፈትታችሁ በዚያው ክፍት አዲሱን ዱቄት ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሲገጠም የምትረሳ አንዲት ነገር አለች፦ የጎማው ምላጭ ጠርዝና ድራሙ ላይ ትንሽ ዱቄት በስሱ መቀባት አለበት። ደረቁን ከገባ ምላጩ በመጀመሪያው ዙር ይገለበጣል፣ ድራሙም ሲጢጥ ብሎ ይይዛል። ማርሹን በትክክለኛው አቅጣጫ ብቻ ጥቂት ዙር በእጅ አዙሩት።

85ኤ ቺፕ ስላለው ከተሞላም በኋላ «ቀለም እያለቀ ነው» የሚለው መልእክት ሊቀጥል ይችላል፤ ማተሙን ግን አያቆምም። 12ኤ ቺፕ የለውም።

ስህተቱን ለማወቅ ማስመሪያ ያዙ። ነጥቡ በየ75 ሚሊ ሜትሩ የሚደጋገም ከሆነ ድራሙ ተጭሯል፤ 12ኤ ላይ በየ38 ሚሊ ሜትሩ ገደማ ከሆነ ቻርጅ ሮለሩ ቆሽሿል። ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ከወጣ የጎማው ምላጭ ወይም ድራሙ አልቋል። በጣት ሲሹት የሚለቅ ጽሑፍ ደግሞ ዱቄቱ የዚያ ፕሪንተር አይደለም ወይም ዱቄቱን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው የፕሪንተሩ ማሞቂያ ደክሟል ማለት ነው። ድራምና የጎማ ምላጭ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙሌት ላይ አብረው ቢቀየሩ ይሻላል፤ አዲስ ድራም ላይ የተበላ ምላጭ መግጠም ድራሙን ማስበላት ነው።

ባለሙያ ጋ ያስሞላ ሰው ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሁለት ገጽ ያሳትም፦ አንዱ ሙሉ ጥቁር፣ አንዱ ባዶ። ጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር፣ ባዶው ላይ ግራጫ ጥላ ከታየ ካርትሪጁ እንደገና ይከፈት።