ኪውአር ኮድ ማንበብ የሚያስተምረው የሐዋሳው ሱቅ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጀርባው ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የስማርት ስልክ አጠቃቀም ስልጠና ይሰጣል። ስልጠናው ሌሎች ርዕሶችም አሉት፤ እኔ የምገመግመው ግን ኪውአር ኮድን ስካን ማድረግ የሚያስተምረውን ክፍል ብቻ ነው። አክስቴን አስመዝግቤ አብሬያት ስለተቀመጥሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ክፍያው ሁለት ሰዎች አሞራ ገደል ወርደው አሳ ከሚበሉበት ሒሳብ ያንሳል፤ ትምህርቱ ደግሞ ከዋጋው በላይ ነው፣ ምንም እንኳ አንድ የማይታለፍ ጉድለት ቢኖረውም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባለ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቡ ካሬ በካፌ ጠረጴዛ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮትና በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ሆኗል። በባንክ ደረሰኝና በፋይዳ መታወቂያ ላይም ይገኛል። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አጠቃቀሙን ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የለም። በዚህም ምክንያት በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎች ሒሳብ ሲደርስ ስልካቸውን ለአስተናጋጁ አቀብለው «እስቲ አንተው ክፈልልኝ» ይላሉ፣ አንዳንዶቹም የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይነግሩታል። ሱቁ ስልጠናውን የጀመረው ይህን ልማድ ለማስቀረት ከሆነ ትክክለኛውን ቦታ መትቷል።

አሠልጣኟ ወጣት ናት፤ ትምህርቱን የጀመረችውም ስልክ በማስከፈት ሳይሆን በትልቅ ወረቀት ላይ የታተመ ኮድ ግድግዳው ላይ በመስቀል ነው። በመጀመሪያ በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ካሉት ትልልቅ ካሬዎች አንዱን በመዳፏ ሸፈነችው፤ የማንም ስልክ ሊያነበው አልቻለም። ቀጥላ መዳፏን አንስታ ከመሐል አካባቢ ጥቂቱን በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ሸፈነች፤ በዚህ ጊዜ ስልኮቹ ያለ ችግር አነበቡት። ሦስቱ ካሬዎች ካሜራው ኮዱ የት እንዳለና በየት በኩል እንደዞረ የሚያውቅባቸው ምልክቶች ሲሆኑ፣ የተቀረው ክፍል ደግሞ መረጃውን የሚጠግን ትርፍ መረጃ አብሮ ስለሚይዝ እንደ አሠራሩ ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቢበላሽም ሊነበብ ይችላል። ኮዱን እ.ኤ.አ. በ1994 የሠሩት ማሳሂሮ ሃራና ባልደረቦቻቸው በጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ኩባንያ የመኪና መለዋወጫዎችን ለመከታተል ነበርና፣ ፋብሪካ ውስጥ ቆሽሾም እንዲነበብ መታሰቡ አያስገርምም። የሽሮ ጠብታ ያረፈበት የምግብ ቤት ኮድ አሁንም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። አክስቴ ከታሪኩ ይልቅ ይህን የሽሮ ነገር ነው የያዘችው።

ስልኩን ወደ መጠቀም ሲገባ ትምህርቱ ፈጣን ነበር፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 (የአይፎን ሶፍትዌር) ጀምሮ በራሱ ካሜራ ያነባል፤ አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ከላይ ወደ ታች በሚሳበው ሰሌዳ ላይ የኪውአር ማንበቢያ ቁልፍ ሊኖራቸው ይችላል፤ በቆዩት ላይ ደግሞ ካሜራው ወይም ፎቶው ላይ ያለውን የሚያነበው የጉግል መሣሪያ፣ ጉግል ሌንስ፣ ይበቃል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ ሌላ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልክ ላይ የነበረው ማንበቢያ በእያንዳንዱ ንባብ መሐል ማስታወቂያ ይደቅንበት ስለነበር አሠልጣኟ በፈቃዱ አጠፋችለት።

በተግባር ልምምዱ ላይ የወደድሁት ለሐዋሳ ተብሎ የታሰበ መሆኑን ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ መዝናኛዎች ጠረጴዛው ውጭ ስለሚቀመጥና ኮዱ በላስቲክ ስለሚለበጥ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ካሜራው ከነጭ ብልጭታ በቀር የሚያየው ነገር አይኖርም። ሰልጣኞቹ የተለበጠ ኮድ ይዘው ደጅ ወጡ፤ ስልኩን በጣም ከማስጠጋት ይልቅ ትንሽ ማራቅ፣ ጎን ለጎን ማዘንበልና በሰውነት ጥላ መከለል እንደሚሻል በዓይናቸው አዩ። የአክስቴ ስልክ ግን ያኔም እምቢ አለ። አሠልጣኟ ተቀብላ ሌንሱን ብታየው የቅቤ ጣት አርፎበታል፤ በነጠላዋ ጫፍ ሲጠረግ ወዲያው አነበበ።

ከሁሉም የላቀው ግን ካነበቡ በኋላ ስላለው ቅጽበት የተሰጠው ትምህርት ነው። ካሜራው ኮዱን ሲያነብ አድራሻውን ስክሪኑ ላይ ያሳያል እንጂ በአብዛኛው በራሱ አይከፍተውም፤ መንካትና አለመንካት የባለቤቱ ውሳኔ ነው። ለክፍያ የተሠራ ኮድ በተራ ካሜራ ሲነበብ ትርጉም የሌለው የሚመስል የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ሊወጣ ይችላል፤ የክፍያ ደንቦችን በሚያወጣው ኢኤምቪኮ በተባለው ድርጅት ዓለም አቀፍ ደንብ የተዘጋጁት ለምሳሌ በ000201 ይጀምራሉ። ይህ የስልክ ብልሽት ሳይሆን ኮዱ በክፍያ መተግበሪያው ውስጥ መነበብ ያለበት ስለሆነ ነው። መተግበሪያው ሲያነበው የተቀባዩን ስም ያወጣል። አሠልጣኟ እዚህ ላይ ቆም ብላ አክስቴን «እትዬ፣ ስሙን ሳያነቡ ሚስጥር ቁጥርዎን እንዳያስገቡ፤ ገንዘብ ለመቀበል ደግሞ ሚስጥር ቁጥር ጨርሶ አይጠየቁም» አለቻት። የሱቁ ስምና ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም ካልተመሳሰሉ ሻጩን መጠየቅ ነውር አይደለም። በዋናው ኮድ ላይ ሌላ ኮድ ለጥፎ ገንዘብ የሚያስቀር ሌባ ስለሚኖርም ጠርዙን በጥፍር ዳብሶ ማየት ጥሩ መሆኑ ተነግሯል።

የቴሌግራም ነገር ለእኔ ከክፍያው እኩል ክብደት ነበረው። ቴሌግራምንም ሆነ ዋትስአፕን በኮምፒውተር ለመክፈት የሚወጣውን ኮድ በራሳችን ስልክ ስናነብ ለዚያ ኮምፒውተር አካውንታችንን መክፈታችን ነው። እንግዲህ አንድ የማናውቀው ሰው «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ከማቀናበሪያው ገብተው ይህን ኮድ ስካን ያድርጉ» ቢለን ቤታችንን ከነቁልፉ ልናስረክበው ነው ማለት ነው። አሠልጣኟ ከመተግበሪያው ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍታ የማይታወቀውን እንዴት ማስወጣት እንደሚቻል አሳየች። ይህንን በትዕግሥት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ እያለች ነው ያደረገችው።

ጉድለቱን ልናገር። ስልጠናው የተዘጋጀው ለከፋይ ብቻ ነው። ከተቀመጡት መካከል ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱና ምግብ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ለእነሱ ዋናው ጭንቀት ደንበኛው ሐሰተኛ የክፍያ ስክሪንሾት አሳይቶ መሄዱ ነው። ስክሪንሾት በቀላሉ የሚቀናበር ስለሆነ ክፍያ ተፈጸመ የሚባለው የሻጩ የራሱ ሒሳብ ላይ ሲገባ መሆኑን፣ በደረሰኙ ላይ ኪውአር ካለም ሲነበብ የሚከፈተው ገጽ አድራሻ በእርግጥ የባንኩ መሆን አለመሆኑን መመልከት እንደሚገባ አንድም ቃል አልተነገረም። ለነጋዴ ከተማ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። በቴሌግራም የተላከ ኮድ እዚያው ስልክ ላይ እንዴት እንደሚነበብ አንድ ጡረተኛ መምህር ሲጠይቁም «በሌላ ስልክ ያንሱት» ተባሉ፤ ምስሉን አስቀምጦ ከፎቶ ማኅደር በጉግል ሌንስ መክፈት ሲቻል ሁለተኛ ስልክ ፍለጋ መሄድ ለምን አስፈለገ? አንድሮይድ ወደ አማርኛ እንደሚቀየርም ስላልታየ እንግሊዝኛ የማያነቡት ሰልጣኞች ቁልፎቹን በቦታቸው ሸምድደው ነው የወጡት፤ ስልክ ሲቀይሩ መቸገራቸው አይቀርም።

እንደዚህም ሆኖ እናቱን፣ አባቱን ወይም አክስቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ቤቱን እመክራለሁ፤ ነጋዴ ከሆኑ ግን ስለ ደረሰኙ ጥያቄ ሳያነሱ አይውጡ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች የኋላው ተራ ወረቀቱን በደንብ አያይም፤ ቀደም ብሎ ደርሶ ፊት መቀመጥ ይሻላል። የሱቁ ዋይፋይ ብዙ ሰው ሲገባበት ስለሚቆም የራስን ዳታ ሞልቶ፣ ስልኩንም ቻርጅ አድርጎ መሄድ ያስፈልጋል።