ለሐረር ተጓዥ፦ በድሬዳዋ መግባት ይሻላል ወይስ በጅግጅጋ?

ሐረር ከተማ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍባት አይደለችም። (ሐረር ሜዳ የሚባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ስሙ እንዳያሳስትዎ።) ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚበር ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት በምዕራብ ከድሬዳዋ ወይም በምሥራቅ ከጅግጅጋ አንዱን መምረጥ አለበት።

ሁለቱ ማረፊያዎች በቀጥታ መስመር የሚራራቁት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀት አስሊ ድረ ገጾች ይህን ይዘው የ20 ደቂቃ በረራ ያደርጉታል። ስሌቱ ባይሳሳትም የሐረር መንገደኛ የሚሄደው በመኪና ነው፤ በመኪና ደግሞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት ግድም ይሆናል። ሐረርም መሐል ላይ አይደለችም፤ ለድሬዳዋ ታደላለች።

በበረራው በኩል እምብዛም የሚያወዛግብ ነገር የለም። ከቦሌ ድሬዳዋ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጅግጅጋ ደግሞ 450 ያህል ነው። አንዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ሌላው ሩብ ሰዓት ቢጨምር ነው። ይህቺን ሩብ ሰዓት ብሎ ትኬት የሚመርጥ ሰው ካለ፣ ካረፈ በኋላ የሚጠብቀውን መንገድ አላሰበም ማለት ነው።

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አለፍ ይላል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል 1,167 ሜትር ላይ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ሙቀቱ ፊትዎን ይመታዎታል። ወዲያው መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያያዘው ጆሮ ይደፈናል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ሻንጣ ውስጥ የገባው ሹራብም ይፈለጋል። ከዚያ ሐረማያን አልፈው የጫት ገበያዋን አወዳይን እንዳቋረጡ ሐረር ደረሱ።

የጅግጅጋው መንገድ 100 ኪሎ ሜትርን ስለሚያልፍ ሁለት ሰዓት ይያዙለት። ማረፊያው ከከተማው በስተምሥራቅ ስለሆነ መጀመሪያ ጅግጅጋን ማቋረጥ ግድ ነው። ግን መንገዱ ያምራል፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል የተገኘበትን ካራማራን ያልፋሉ፤ ወደ ባቢሌ ሲቃረቡም በዳካታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ፣ አሁን ወደቀ ሲሉት ቆሞ ያዩታል። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ሳይገዙ አይለፉ። በዚህ መስመር የፍተሻ ኬላ ስላለ በተለይ ዕቃ የያዘ ሰው ጊዜ ይጨምር፤ የመንገዱንም ሁኔታ በዕለቱ ይጠይቅ።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ጉዳይዎ ሐረር ብቻ ከሆነ ሳያመነቱ ድሬዳዋን ይቁረጡ። ወደ ድንበር ከተማዋ ቶጎጫሌ ወይም በዚያው ወደ ሶማሌላንድ ተሻግሮ ወደ ሐርጌሳ ለሚሄድ ግን ጅግጅጋ ነው፤ በድሬዳዋ ገብቶ ያን ሁሉ መንገድ በመኪና መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያለው ጎብኚ በድሬዳዋ ገብቶ በጅግጅጋ ቢወጣ ያንኑ መንገድ አይደግምም። ከውጭ አገር የሚመጡ ደግሞ የአገር ውስጡን ትኬት ለብቻው ከመግዛታቸው በፊት ከዓለም አቀፉ በረራ ጋር ሲያያዝ ዋጋው ስንት እንደሚሆን ያስተያዩ።

ሲመለሱም ከሐረር መነሻ ሰዓትዎን በማረፊያው ይለኩ፤ አውሮፕላኑ ከሚነሣበት ሰዓት ለድሬዳዋ በረራ አራት ሰዓት፣ ለጅግጅጋ አምስት ሰዓት ቀድሞ መውጣት አያስቆጭም።